ገንዘቡ ተበልቶ፣ ቤቱ ተሠርቶ፣ ውሉ ሲፈርስ
በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የቤትና የቦታ ክርክሮች ላይ የተደረገ ዳሰሳ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች የቤትና የቦታ ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት ሰነድ ይቀርባል። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው፤ ራፖር ጸሐፊ ወይም ጽሑፍ የለመደ የሰፈር ሰው ያዘጋጀው። ሻጭ ይዞታውን ከወላጆቹ እንደወረሰው ይናገራል። አዋሳኞቹ በአራቱም አቅጣጫ ይዘረዘራሉ፤ በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ። ዋጋው በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል፤ ሻጭም ገንዘቡን ቆጥሮ መረከቡን ያረጋግጣል። ከዚያ ገደቡ ይከተላል፦ ውሉን ያፈረሰ ወገን ይህን ያህል ሺህ ብር ለተበዳይ፣ ይህን ያህል ለመንግሥት ይከፍላል። መዝጊያው ላይ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው ይላል። እማኞች ይፈርማሉ፤ መጻፍ የማይችል ጣቱን ይጭናል።

ሁለቱ ቁጥሮች በዘፈቀደ የገቡ አይደሉም። 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው የሚል ነው። 2005 ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ መሆኑን ይደነግጋል። በሰነዱ ላይ የማይጠቀሰው ግን ዕጣውን የሚወስነው 1723 ነው። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ባለቤትነትን የሚያቋቁም ወይም የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ከመሆኑም ሌላ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት ይላል። በቁጥር 1720 መሠረት ደግሞ በሕግ የታዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ያለው ውል ሳይሆን ረቂቅ ነው። ገዢው ዓመታት የኖረበት ቤት በረቂቅ ላይ የቆመ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚነሣው። የግል ግንኙነትን የሚገዛው ሕግ የቆመበት መርህ አንድ ብቻ አይደለም። የተዋዋይን ቃል ያከብራል፤ ሥርዓቱን ለጠበቀ ሰነድ ዋስትና ይሰጣል፤ ቅን ልቦናን ያዛል፤ ያላግባብ መበልጸግን ይከለክላል፤ ደካማውን ወገን ይጠብቃል። በሦስቱ ከተሞች እነዚህ መርሆች በአንድ መዝገብ ውስጥ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ዳኛው የትኛውን ያስቀድማል? በምን ምክንያት?

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ ጋር በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2000 ዓ.ም. በተቋቋመው የፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ውስጥ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በሥሩ ተጠቃለዋል። አዲስ አበባ ላይ ኪራይና የቤት ዋጋ አልቀመስ ያለው ሠራተኛ፣ ነጋዴና ጡረተኛ ወደ እነዚህ ከተሞች ወጣ። ጠርዝ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ደግሞ መሬቱ ዛሬ ነገ ለልማት ይወሰዳል በሚል ሥጋት ውስጥ ይኖር ነበር። ሁለቱን ያገናኛቸው ደላላ ነው። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተነሣውን ተቃውሞ የቀሰቀሰው የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሚባለው ዕቅድ ሲሆን፣ ከጀርባው የነበረውም ይኸው የገበሬው ከመሬቱ የመነቀል ሥጋት ነው። ዕቅዱ በ2008 ዓ.ም. ቢሰረዝም ሥጋቱ አልተሰረዘም። ስለዚህ በአንድ የሰፈር ውል ላይ የሚፈርድ ዳኛ ከሁለት ሰዎች ጠብ የሰፋ ነገር እንደያዘ ያውቃል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ዓለም አልተጻፈም። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 በሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ መሬት የግል ሀብት በነበረበት ዘመን የወጣ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን፣ አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የሕዝብና የመንግሥት አደረጉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40(3) መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጸና፤ በዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 7 ላይ ግን ሰው በመሬት ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የገነባውን ቋሚ ንብረት የመሸጥ፣ የመለወጥና የማውረስ መብት ሰጠው። የውል ሕጉ አንድም አንቀጹ ሳይነካ ከሥሩ ያለው መሬት ተለወጠበት።

በሰፈሩ ውል ላይ የሚታየው የአጻጻፍ ብልሃት የመጣው ከዚህ ነው። ባዶ ቦታ መሸጥ ስለማይቻል የጭቃ ቤት ወይም የቆርቆሮ ዳስ በፍጥነት ይቆምና ውሉ የቤት ሽያጭ ይባላል። አንዳንዱ ስጦታ ይለዋል፤ አንዳንዱ የብድር ውል ይጽፋል፤ ሌላው ውክልና ይይዛል። ዳኛው ስሙን ትቶ ፍሬ ነገሩን ማየት አለበት። የተሸጠው በእውነት ባዶ የእርሻ መሬት ከሆነ ጉድለቱ የፎርም ሳይሆን የጉዳዩ ሕገ ወጥነት ነው፤ ቁጥር 1716 ይመለከተዋል፤ ቢመዘገብም አይድንም። የተሸጠው በእውነት ቤት ከሆነ ግን ክርክሩ ወደ 1723 ይመለሳል። ሁለቱ በመዝገቦች ውስጥ ተደባልቀው ይቀርባሉ፤ ሊደባለቁ ግን አይገባም። በመጀመሪያው የሚጠበቀው የሕዝብ ፖሊሲ ነው፤ በሁለተኛው የሚጠበቁት ተዋዋዮቹና ሦስተኛ ወገኖች ናቸው።

ስለ 1723 የተደረገው ሙግት ረጅም ነው። በሽያጭ ክፍል ያለው ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል እንጂ ስለ ውል አዋዋይ አያነሣም። ቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ ሦስተኛ ወገኖችን የሚነካው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲመዘገብ ነው ይላል። ከዚህ ተነሥተው፣ በሻጭና በገዢ መካከል ጽሑፉ ይበቃል፤ ምዝገባው ለሌሎች ሰዎች ነው ብለው የተከራከሩ የሕግ ሰዎች ነበሩ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን አልተቀበለም፤ በ1723 የተመለከተው ሥርዓት ካልተሟላ የቤት ሽያጩ ውል አይጸናም አለ። በወቅቱ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድድ ስለነበር ውሳኔው በአንድ ቀን የአገሪቱ ሕግ ሆነ። በኋላ የመጡ ውሳኔዎች አላሉት፤ ተከራካሪዎቹ ውሉን መዋዋላቸውን ካልካዱ የምዝገባው ጉድለት ብቻውን ውሉን አያፈርስም የሚል መስመር ተከፈተ።

ይህ ማለዘቢያ በጎ ሐሳብ የወለደው ነው፤ ያስከተለው ግን ደስ አይልም። እውነት የሚናገር ሻጭ በውሉ ይታሰራል፤ አይኑን በጨው አጥቦ የሚክድ ሻጭ ነጻ ይወጣል። ቅን ልቦናን ለመጠበቅ የመጣ መስመር ለካጁ ዋጋ ከፈለለት። ጠበቃም ደንበኛውን ሲመክር የሚያስቀድመው ጥያቄ ውሉን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ የሚለው ይሆናል። የፍትሕ መለኪያ እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ፎርም ለምን እንደተደነገገ እንጠይቅ። ሰው ትልቁን ንብረቱን ሲያስተላልፍ ቆም ብሎ እንዲያስብ፣ ሰነዱ እንዳይጭበረበር፣ አንድ ቤት ለሁለት ሰው እንዳይሸጥ ነው። እነዚህ ከባድ ምክንያቶች ናቸው፤ ደላላ በሚራወጥበት ገበያ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳሉ። ፎርሙን መጠበቅ የሚቻለው ግን የሚጠብቀው በር ሲኖር ነው። የሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት የቤት ሽያጭ ለማረጋገጥ ካርታ ይጠይቃል። በእነዚህ ከተሞች ጠርዝ ያለው ብዙ ቤት ካርታ የለውም። ካርታ ከሌለ ተዋዋዮቹ ቢፈልጉም ማስመዝገብ አይችሉም። ይህ እውነታ በፍርዱ ላይ ክብደት ሊኖረው ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሳይጠቀስ ይታለፋል።

ሕግ አውጪው ፎርሙ የማይነካ ነው ብሎ አያምንም። በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 639 የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሲያሻሽል ለባንኮችና ለአነስተኛ የገንዘብ ተቋማት ብድር መያዣ የሚደረግ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ አይገደድም አለ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ብድር እንዲቀላጠፍ ነው። የሕግ ክፍል፣ ጠበቃና ማኅተም ያለው ተቋም ከፎርሙ ሲፈታ ሰበታ ላይ በጣት አሻራ የተዋዋሉት ሰዎች ግን ሙሉ ሸክሙን ተሸክመው ቀሩ። ሚዛኑ አስቀድሞ ወደ አንድ ወገን እንዳጋደለ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

በዓለም ዙሪያ የሕግ ፈላስፎች በዚህ ላይ ብዙ ጽፈዋል። አሜሪካዊው ሮናልድ ድዎርኪን ደንብ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፤ መርህ ግን ክብደት አለው ብለው ሁለቱን ለዩ። ጀርመናዊው ሮበርት አሌክሲ መርሆች በተቻለ መጠን እንዲፈጸሙ የሚያዙ ትእዛዞች ናቸው አሉ፤ አንዱን በጎዳነው መጠን ሌላውን የምናስከብርበት ምክንያት መክበድ አለበት። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከፍልስፍናው ይልቅ የችሎቶቹ አሠራር ነው። የጀርመን ሕግ የመሬት ሽያጭ በኖተሪ ፊት እንዲሆን ያዛል፤ ዝውውሩ ተጠናቆ በመሬት መዝገብ ከሰፈረ ግን የፎርሙ ጉድለት ይድናል። ከዚያ ውጭ ፍርድ ቤቶቹ በቅን ልቦና ስም ፎርሙን የሚያልፉት ውጤቱ ፈጽሞ የማይታገሡት ሲሆን ብቻ ነው። መለኪያው ጠባብ ነው፤ ግን በግልጽ የተነገረ ነው።

ከቤት ሽያጭ ወጣ ብሎ የትዳር ጉዳይም አለ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ ያልተስማማው ወገን ማወቁን ተከትሎ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ባል ሲሸጥ ሚስት አልፈረመችም፤ ገዢው ስለ ትዳሩ አልጠየቀም ወይም ጠይቆ ተዋሽቷል። እዚህ ላይ የፎርሙ ጥብቅነት ደካማውን ወገን ያገለግላል፤ ስለዚህ ክብደቱ ሊጨምር ይገባል። ልጆቿን ይዛ ከእርሻው ዳር የቀረች ሴት ባልፈረመችው ወረቀት መሬቷን ማጣት የለባትም። ገንዘቡን ተቀብሎ በልቶ፣ የቦታው ዋጋ ሲንር ውሉ አልተመዘገበም ብሎ የሚመጣ ሻጭ ግን በዚያው አንቀጽ ጥላ ሥር እኩል መቆም አይገባውም። አንቀጹ አንድ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ይለያያል፤ ዳኛውም ሊለየው ይችላል።

እኔ የማምነው ግን የሚዛኑ ዋና ቦታ ውሉ ጸና ወይስ ፈረሰ በሚለው በር ላይ እንዳልሆነ ነው። ከፈረሰ በኋላ ባለው ላይ ነው። ብዙ ፍርዶች ረጅም ሐተታቸውን በፈራሽነቱ ላይ ይጨርሱና በመጨረሻዋ መስመር ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይላሉ። ሻጭ የተቀበለውን ብር ይመልስ፤ ገዢ ቦታውን ያስረክብ። ቁጥር 1815 እንዲህ ስለሚል ነው። ሰው ወደ ነበረበት የሚመለሰው ግን ብር ዋጋውን ይዞ ሲቆይ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሦስት መቶ ሺህ ብር የከፈለ ሰው እንበል። በመካከሉ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር በጥቂት ወራት ውስጥ በዶላር ላይ የነበረውን ዋጋ ከግማሽ በላይ አጣ። ሦስት መቶ ሺህ ብሩ ሲመለስለት ያንኑ ቦታ ይቅርና የመሠረቱን ድንጋይ አይገዛለትም። ሕጋዊው ወለድ በቁጥር 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው፤ ቢጨመርም ክፍተቱን አይሞላም። ቦታው ደግሞ ዋጋው አድጎ ወደ ሻጩ ይመለሳል። በዚህ ስሌት ውል ማፍረስ አትራፊ ሥራ ይሆናል።

ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም የሚሉ አሉ፤ አለው። ቁጥር 1817 ውሉን ለመፈጸም የተደረገውን ማፍረስ የማይቻል ወይም ብርቱ ጉዳት የሚያመጣ ሲሆን እንዳይፈርስ፣ ተዋዋዮቹም በኪሣራ ክፍያ ወይም ፍርድ ቤቱ ተገቢ ባለው ሌላ መንገድ እንዲስተካከሉ ይፈቅዳል። ቁጥር 2162 በሌላው ሥራ ወይም ንብረት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው በጥቅሙ ልክ እንዲክስ ያዛል። በንብረት ክፍል ያለው ቁጥር 1179 ባለመሬቱ እያየ ሳይቃወም የተሠራ ቤት የሠሪው እንደሚሆን፣ ባለመሬቱም ካሳ ከፍሎ ሊያስለቅቀው እንደሚችል ይናገራል። ሻጩ ጎረቤት ሆኖ ግድግዳው ሲነሣ፣ ቆርቆሮው ሲመታ፣ ሰርቪሱ ሲጨመር አይቶ ዝም ካለ፣ የቤቱ ግምት በባለሙያ ተሰልቶ ሊከፍል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዳኛው ውሉ ፈራሽ ነው ማለቱ እነዚህን አንቀጾች ከመጥቀስ አይከለክለውም።

ጉዳዩ ባዶ የእርሻ መሬት ሲሆንስ? ሕገ ወጥ ነገር የገዛ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም የሚል አስተሳሰብ በብዙ አገሮች ነበር። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ዘጠኝ ዳኞች በተቀመጡበት ጉዳይ ይህን በእጅጉ አርሞታል። በውስጥ አዋቂ መረጃ አክሲዮን ለመነገድ 620,000 ፓውንድ ለሌላ ሰው የሰጠ ግለሰብ መረጃው ሳይመጣ ዕቅዱ ሲከሽፍ ገንዘቡን የማስመለስ መብት አለው ተባለ። ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው መለኪያ ክልከላው ዓላማው ምንድን ነው፣ መከልከሉ ሌላ የሕዝብ ጥቅም ይጎዳል ወይ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚል ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት የመሬት ሽያጭን የከለከለው ገበሬውን ከመነቀል ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ መሬቱ መመለሱ ዓላማውን ያሳካል። ገንዘቡ አለመመለሱ ግን ማንን ይጠብቃል? በአብዛኛው የሚያተርፈው በመካከል ገዝቶ እጥፍ አድርጎ የሸጠው ሰው ነው። ገበሬው የተቀበለው ጥቂት፣ የመጨረሻው ገዢ የከፈለው ብዙ ሆኖ ልዩነቱ መንገድ ላይ የቀረበት ጉዳይ ብዙ ነው። ቁጥር 1710 በችግሩ፣ በየዋህነቱ ወይም በግልጽ በሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱ ተጠቅመው ያስፈረሙትን ሰው ውሉ እንዲፈርስለት ይፈቅዳል። ይህን አንቀጽ ለገበሬው የሚጠቅሱ ጠበቆች ሲበዙ ማየት እወዳለሁ።

በጣም የሚያሳምመው ግጭት መንግሥት መሬቱን ለልማት ሲወስድ የሚመጣው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። በመዝገብ ላይ ባለይዞታው ገበሬው ነው፤ ቤቱን የሠራው፣ ግቢውን ያጠረው ገዢው ነው። ገዢው በሰፈር ውሉ ወደ ልማት ቢሮ ቢሄድ አይታወቅም። ለመሬቱ የሚከፈለው ለገበሬው መሆኑ ትክክል ነው። የቤቱ ግምት ለባለይዞታው ከተከፈለ ግን ቤቱን የሠራው ሰው በ2162 ያንን ድርሻ ሊጠይቀው ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱም በ40(7) የጉልበትና የገንዘብ ፍሬን ከመሬቱ ለይቶ አስቀምጦታል። በ2011 ዓ.ም. በለገጣፎ፣ ሸገር ከተማ ከተመሠረተም በኋላ በዙሪያው ቤቶች በሕገ ወጥ ግንባታ ስም ሲፈርሱ ካሳ የሚባል ነገር ያልደረሰው ቤተሰብ ብዙ ነው። ያ የአስተዳደር ሕግ ጉዳይ ነው፤ ሆኖም በግሬደር የተደፋው ቤት በሻጭና በገዢ መካከል ያለውን ሒሳብ አይዘጋውም። ሻጩ ዋጋውን ተቀብሏል። ከይዞታው መነሣት እንደሚመጣ እያወቀ የሸጠ ከሆነ ደግሞ ዝምታው ከቅን ልቦና ጋር አይሄድም፤ ቢያንስ የተቀበለውን ገንዘብ መመለሱ ላይ ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

እንዲህ በየጉዳዩ መመዘን ለዳኛ የተለቀቀ ሥልጣን ያበዛል፤ የተለቀቀ ሥልጣን ደግሞ ለአድልዎ በር ይከፍታል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ቁጥር 1763ም ፍርድ ቤት በርትዕ ምክንያት የውል ቃል እንዳይለውጥ ይከለክላል። እኔ የምጠይቀው ግን ውል እንዲሠራ አይደለም። ሕጉ ራሱ ለፍርድ ቤቱ በሰጠው በ1817 ቦታ ላይ ምክንያት እንዲጻፍ ነው። ዛሬም ሚዛን አለ፤ ሳይነገር ነው የሚመዘነው። አንዱ ችሎት ለቤቱ ግምት ያስከፍላል፣ ሌላው ለዚያው ዓይነት ጉዳይ ዋናውን ብር ብቻ ያስመልሳል፤ ሁለቱም ለምን እንደሆነ አይገልጹም። አድልዎ የሚመቸው ለዚህ ዓይነቱ ዝምታ ነው።

ሰበር ሰሚ ችሎቱ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ያለው አስገዳጅ ትርጉም የመስጠት ሥልጣን ለዚህ ይበቃል። የሚቀጥለው የሸገር መዝገብ ሲቀርብለት ውሉ በፎርም ጉድለት ሲፈርስ የሥር ፍርድ ቤት ሊመረምራቸው የሚገቡትን ነገሮች በቅደም ተከተል ሊያስቀምጥ ይችላል፦ ፎርሙን ማሟላት ይቻል ነበር ወይ፤ ፈራሽነቱን ያነሣው ወገን ጥበቃ የሚሻው ነው ወይስ ገንዘቡን የወሰደው፤ ሻጩ ግንባታውን እያየ ዝም ብሏል ወይ፤ የተከፈለው ብር ዛሬ ምን ያህል ነው፤ በመካከል ያተረፈው ሰው ወደ ክርክሩ ገብቷል ወይ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሦስተኛ ወገን ወደ ክርክር የሚገባበት መንገድ ስላለ ደላላውን ወይም መካከለኛውን ሻጭ ማስጠራት አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ገበሬው መሬቱን ሲያስመልስ የመጨረሻው ገዢ የከፈለው ሙሉ ገንዘብ ከገበሬው ኪስ ብቻ እንዳይወጣ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ሻጭ ከእርሱ ለገዛው ሰው የተቀበለውን ይመልሳል፤ ገበሬው የሚመልሰው በመጀመሪያው ውል ላይ ቆጥሬ ተረክቤያለሁ ያለውን ነው።